«ግማሹ የባሕር ፕላስቲክ መረብ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው?

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግደውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ስለ ፕላስቲክ የማያወራ የለም። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ጨዋታው ስለ ቅጣቱና ስለ ዘንቢሉ ነው። ስልክ ላይ ግን ወሬው ባሕር ድረስ ይሄዳል። አንዱ አንገቷ በመረብ የታነቀ የባሕር ኤሊ ቪዲዮ ያጋራል። ከሥሩ ሌላው «ፌስታል ላይ ምን አስጮኻችሁ? ግማሹ የባሕር ፕላስቲክ የዓሣ መረብ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ኧረ 10 በመቶም አይሞላ» ብሎ ይሞግታል። አራተኛው ደግሞ «ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን» ብሎ ይዘጋዋል።

የሚገርመው፣ ሁሉም ከሆነ ቦታ የያዙት እውነት አላቸው። ችግሩ እያንዳንዳቸው የሌላውን ጥያቄ እየመለሱ መሆኑ ነው።

ሁለት ቁጥሮች፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

«ግማሹ» የሚለው ቁጥር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው በሃዋይና በካሊፎርኒያ መካከል ነው። እዚያ የሰላማዊ ውቅያኖስ ጅረቶች ይሽከረከራሉ፤ ተንሳፋፊውን ቆሻሻም ወደ መሐል ይሰበስባሉ። ሥፍራው 1.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ በላዩ የሚንሳፈፈውን ፕላስቲክ ቢያንስ 79,000 ቶን ብለው ገመቱት። ከዚህ ክብደት 46 በመቶው የዓሣ መረብ ነበር።

እንግዲህ የተጠናው አንድ ሥፍራ ነው። የተለካው የሚንሳፈፈው ብቻ ነው። የተለካውም በክብደት ነው። መረብ ይከብዳል፤ ፌስታል ይቀላል። በክብደት ፋንታ ቁራጮቹ አንድ በአንድ ቢቆጠሩ ኖሮ፣ አብዛኛው ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ስብርባሪ ፕላስቲክ ይሆን ነበር። ይህን ውጤት ወደ ዓለም ባሕሮች ሁሉ መዘርጋት፣ የመርካቶን ሰው ቆጥሮ የመንዝን እንደ መገመት ነው።

«10 በመቶ አይሞላም» የሚለውስ? እሱ ስለ ዓለም ባሕሮች ቆሻሻ ሁሉ ነው፤ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም አብረው ካወጡት ሪፖርት ነው። በዚያ ሪፖርት በዓመት 640,000 ቶን የማጥመጃ ዕቃ ባሕር ውስጥ ይቀራል የሚል ቁጥርም አለ። ይህ ቁጥር ዛሬም በየዜናው ይጠቀሳል። ሥሩ ሲፈተሽ ግን ቀጭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ በዓመት 6.4 ሚሊዮን ቶን ቆሻሻ ባሕር ይገባል ብሎ ገምቶ ነበር። የዚያ አንድ አሥረኛ ሲወሰድ 640,000 ሆነ። ማንም መረብ አልቆጠረም፤ ማባዛት ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ቁጥሩን መጠቀም ይብቃ ማለት ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

ከነዚህ የተሻለው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሄዱ። በ7 አገሮች 451 ሰዎችን «በዓመት ስንት ዕቃ ይጠፋባችኋል?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ከዓለም የዓሣ ማስገር ሥራ ስፋት ጋር አዛመዱት። በውጤቱ ከዕቃው ሁሉ 2 በመቶ የሚጠጋው በየዓመቱ ይጠፋል። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ሲዘረጋ ግን የመረቡ ብቻ 78,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። የሰሜን ሸዋ ዞን ስፋት ወደ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ዓመት የሚጠፋው መረብ አምስት ሰሜን ሸዋን ለመሸፈን ትንሽ ቢቀረው ነው። በዚያ ላይ ከ25 ሚሊዮን በላይ ወጥመድና ምድርን 18 ጊዜ የሚዞር የመንጠቆ ገመድ አለ።

ይህም ከሰዎች ቃል የተሰበሰበ ነው። «ስንት ጠፋብህ?» ሲባል ሁሉም እውነቱን አይናገርም። ሕገ ወጥ አጥማጁማ ጭራሽ አይጠየቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ታች ያደላል ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

«ስንት በመቶ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግን ደካማ ነው። ፌስታል ለዕቃ መያዣ ተሠራ፤ ኤሊ ቢያንቅ በአጋጣሚ ነው። መረብ የተሠራው ዓሣ ይዞ እንዳይለቅ ነው። ከቆሻሻው ሁሉ ሥራውን ሳያቆም የሚጣለው እሱ ነው።

ቃጫ ይበሰብሳል፣ ናይለን አይበሰብስም

ቀድሞ በገጠር በግና ፍየል የሚታሰረው በቃጫ ገመድ ነበር። ቃጫ ሁለት ክረምት ዝናብ ከመታው ይላላል፤ መሬት ላይ ከቀረ አፈር ይሆናል። ዛሬ ገበያው የናይለን ነው። ናይለን ርካሽ ነው፣ ይጠነክራል፣ አይበሰብስም። ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ከዓመታት በኋላ ማረሻ ሲያወጣው ቀለሙ እንኳ ብዙም አይለወጥም።

በባሕሩም የሆነው ይኸው ነው። ለሺህ ዓመታት መረብ የሚሠራው ከተልባ እግር፣ ከጥጥና ከሌላ የተክል ጭረት ነበር። ወንጌል ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያጥቡና ሲያበጁ እናነባለን። ትርፍ ሥራ አልነበረም። የተልባ እግር መረብ ካልታጠበና ካልደረቀ ይበሰብሳል። ባሕር ውስጥ የጠፋ መረብም በጥቂት ወራት ይላላና ማጥመዱን ያቆማል።

ናይለን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ የመረቡን ገበያ እሱና ቤተሰቦቹ ወረሱት። ለአጥማጁ ትልቅ እፎይታ ነበር። ማጠብ ቀረ፣ ማድረቅ ቀረ፣ ክሩም በውኃ ውስጥ ለዓሣው ዓይን የማይታይ ሆነ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ናይለንን አያውቅም፤ እዚህ አንዱ ድር ብቻውን ይበቃል።

«ናይለን ባሕር ውስጥ 600 ዓመት ይቆያል» የሚል ነገርም ይነገራል። ይህ ግምት ነው። ናይለን ራሱ ከተፈጠረ ገና 100 ዓመት አልሞላውም፤ 600 ዓመት ቆሞ ያየው የለም። በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ለአሥርት ዓመታት እንደሚቆይ፣ ሲያረጅም ጠፍቶ ሳይሆን ተሰባብሮ ደቃቅ ፕላስቲክ እንደሚሆን ነው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። መረብ ሁሉ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደለም። ፖሊኢታይሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ይቀልላሉ፤ ስለዚህ ይንሳፈፋሉ። ናይለን ከባሕር ውኃ ይከብዳል፤ ተንሳፋፊው ጉጥ ሲላቀቅ ይሰምጣል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የተመዘነው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዓሣ የሚያንቀው ቀጭኑ የናይለን መረብ ግን ባመዛኙ ታች ነው፤ አይታይም፣ በፎቶም አይወጣም። ያየነውን ብቻ ስንመዝን ገዳዩን ሳንመዝን እንቀራለን።

ባለቤት የሌለው መረብ እንዴት ያጠምዳል?

በውጭ አገር «ጎስት ኔት» ይሉታል፤ የጣረ ሞት መረብ እንደ ማለት ነው። ስሙ ትንሽ የፊልም ይመስላል። እዚህ ባለቤት አልባ መረብ እንበለው። የጠፋ፣ የተተወ ወይም ሆን ተብሎ የተጣለ የማጥመጃ ዕቃን ሁሉ ያጠቃልላል።

በጣም አደገኛው የስንጥብ መረብ ነው፤ ስንጥብ ዓሣ የሚተነፍስበት የሰውነት ክፍል ነው። እንደ መጋረጃ በውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ላዩ ላይ ተንሳፋፊ፣ ታቹ ላይ ክብደት አለው። ዓሣው ሳያየው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ያስገባል። ሰውነቱ አያልፍም። ወደ ኋላ ሲል ክሩ ስንጥቡ ውስጥ ይገባና ያንቀዋል።

አጥማጁ መጥቶ ካላወጣው፣ የተያዘው ዓሣ ይሞታል። የበድኑ ሽታ ሸርጣንና ትልልቅ ዓሣ ይጠራል። እነሱም ለመብላት መጥተው ይያዛሉ። ክብደቱ ሲበዛ መረቡ ይሰምጣል። በድኑ ሲበላና ሲበሰብስ ይቀልላል፤ አንዳንዴ ተመልሶ ይነሣል። አየር የሚተነፍሱት ላይ ደግሞ አደጋው ይከፋል። የባሕር ኤሊ፣ ዶልፊንና «ሲል» የሚባለው የባሕር እንስሳ ወደ ላይ ወጥተው ካልተነፈሱ ይሞታሉ። መረብ ከያዛቸው ባሕር ውስጥ ሆነው ሰምጠው ያልቃሉ። ኮራል በሚባለው ሕያው ዐለት ላይ ያረፈ መረብም በማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል ቅርንጫፉን ይሰብራል፣ ብርሃኑን ይጋርደዋል።

ለስንት ጊዜ ያጠምዳል በሚለው ላይ ግን ባለሙያዎች አይስማሙም፤ በአንድ አፍ መናገርም አይቻልም። ጥልቀት በሌለው ባሕር ማዕበል መረቡን ጠቅልሎ ኳስ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ ዝቃጭ ይለብሰውና ዓሣው ማየት ይጀምራል። በወራት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል። ጥልቅና ጸጥ ባለ ባሕር ግን ተዘርግቶ እንደቆመ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። «ለዘላለም ይገድላል» የሚለው ተጋኗል። «ወዲያው ይደክማል» የሚለውም የጥልቁን አያውቅም።

ሌላም የሚቀላቀል ነገር አለ። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ቫኪታ የምትባል ትንሽ የዶልፊን ዘመድ አለች። የቀሩት 10 ገደማ ብቻ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ለዚህ ያበቃት የስንጥብ መረብ ነው። ግን በዋናነት የተጣለ ሳይሆን ሌላ ዓሣ ለመያዝ በሕገ ወጥ መንገድ የተዘረጋ፣ ባለቤቱ የሚጠብቀው መረብ ነው። የእሷን ፎቶ ለጥፎ ስለ ተጣለ መረብ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የተጣለው ቢለቀምም የተዘረጋው ካልተነሣ እሷን አያተርፋትም።

ማነው የሚጥለው?

ቀላሉ መልስ «ግዴለሽ አጥማጅ» ነው። ግን መረብ ለአጥማጁ እንደ በሬ ነው፤ ሀብቱ ነው። በሬውን በፈቃዱ ገደል የሚሰድ ገበሬ ስንት ነው?

ብዙው የሚጠፋው ሳይፈለግ ነው። ማዕበል ይወስደዋል። የባሕር ወለል ዐለት ይይዘዋል። ጎታች መረብ ያለው ትልቅ መርከብ የትንሹን አጥማጅ መረብ ቆርጦ ያልፋል። ሁለተኛው ምክንያት ሽሽት ነው። ያለ ፈቃድ የሚያጠምድ ጀልባ ጠባቂ ሲያይ ማስረጃውን ቆርጦ ይሄዳል። ሦስተኛው ሒሳብ ነው። ያረጀ መረብ መርከብ ላይ ቦታ ይይዛል። ወደቡ ለመረከብ ገንዘብ ከጠየቀ፣ ወይም ጭራሽ መረከቢያ ከሌለው፣ ሌሊት ባሕር ላይ መጣሉ ይቀልላል።

ማርፖል የሚባለው ከመርከብ የሚወጣ ብክለትን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። አምስተኛው አባሪው ከእ.ኤ.አ. 1988 መጨረሻ ጀምሮ ፕላስቲክ መረብ ባሕር መጣልን ይከለክላል። ነገር ግን ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጎ በአደጋ የጠፋ መረብ ጥፋት አይባልም። ምክንያታዊ ነው፤ በማዕበል አይቀጣም። በተግባር ግን ማንም «ጠፋብኝ» ማለት ይችላል። መረቡ ላይ ስም ከሌለ ደግሞ ማን እንደጣለው ማን ያውቃል? የምግብና የእርሻ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የማጥመጃ ዕቃ ምልክት እንዲደረግበት መመሪያ ያጸደቀው ለዚህ ነው። መመሪያው በፈቃደኝነት የሚፈጸም ነው፤ ጥርስ የለውም።

የቱናው ጣሳ

«ምን አገባን» ለሚለው አንዱ መልስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን በደብረ ብርሃንም የቱና ጣሳ መደርደሪያ ላይ መታየቱ አይቀርም። የትኩሱ ዓሣ ጉላሽ ከሐይቅ ነው። ቱናው ከውቅያኖስ ነው።

ለጣሳው ቱና የሚያጠምዱት በአብዛኛው ትልልቅ መርከብ ያላቸው ናቸው። ብዙዎቹ ከብቦ በሚይዝ መረብ ይሠራሉ። ዓሣው በሰፊው ውቅያኖስ የት እንዳለ ለማወቅ አንድ ዘዴ አላቸው። ዓሣ በባሕር ላይ ከሚንሳፈፍ ነገር ሥር መጠለል ይወዳል። ስለዚህ ተንሳፋፊ መደብ ሠርተው ይለቁታል፤ የሳተላይት መከታተያም ይገጥሙለታል። የዓሣ ማሰባሰቢያ ተንሳፋፊ ልንለው እንችላለን። ቀድሞ ከሥሩ ረጅም አሮጌ መረብ ያንጠለጥሉበት ነበር።

ይህ የተንጠለጠለ መረብ ለማጥመድ የታሰበ አልነበረም። ግን አጠመደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ብቻ በዓመት ከ480,000 እስከ 960,000 ሲልኪ የሚባሉ ሻርኮች በዚህ መረብ ተጠላልፈው እንደሚሞቱ ገመተ። ሻርኮቹ ከሞቱ በኋላ ከመረቡ ወድቀው ይሰምጣሉ፤ ለዚህ ነው ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ልብ ያላለው። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የሚያጠላልፍ መረብ በተንሳፋፊዎቹ ላይ እንዳይደረግ ወስኗል። ከርቀት ሲታይ ትንሽ ደንብ ነው። በሻርኮቹ በኩል ግን ከብዙ የባሕር ዳርቻ ጽዳት የሚበልጥ ይመስለኛል።

ጣሳው ላይ ዓሣው በምን ዘዴ እንደተያዘ ሁልጊዜ አይጻፍም። ሸማቹ ይምረጥ ማለት ስለዚህ ብዙ አያስኬድም። አስመጪው ግን መጠየቅ ይችላል።

ከጣርማበር ወዲህና ወዲያ

ሰሜን ሸዋ የውኃ መክፈያ ነው። ከጣርማበር ምሥራቅ የሚወርደው፣ የሸዋ ሮቢትና የከሰም ውኃ፣ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ወደ ምዕራብ በረሳ፣ ወንጪትና ጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፤ በመንገዱ ግን የሕዳሴው ግድብና አስዋን አሉ። ስለዚህ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በባሕሩ የመረብ ችግር ውስጥ የሰሜን ሸዋ እጅ የለበትም ማለት ይቻላል። «ያንተ ፌስታል ኤሊ ገደለ» እያሉ የእነዋሪን ገበሬ ማስደንገጥ አያስፈልግም። ፌስታሉ የሚገድለው የራሱን በግ ነው፤ ለእገዳው ያ ይበቃል።

ግን መረብ የባሕር ብቻ አይደለም። በጀማና በወንጪት ቆላ ዓሣ ይጠመዳል። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ መንጠቆ አለ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ዓሣ ማስከርም አለ። ብርብራ በአንድ ቀን ብዙ ይጎዳል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል። ናይለን መረብ በጎርፍ ከተወሰደ ዛፍ ሥር ተጠምጥሞ ይቀመጣል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ጣና ላይ ነው። እዚያ ከሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የስንጥብ መረብ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ክምችት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ያ የመጣው ከተጣለ መረብ ሳይሆን ከመጠን በላይ ከማጥመድ ነው፤ በተለይ ወንዝ አፍ ላይ በመራቢያው ወቅት። ከዚያ በኋላ የመጣው ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ ነው። ከአንድ ነጠላ ቀጭን ክር የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፣ አይታይም፣ ትንንሹን ቆሮሶ ሳይቀር ይለቅማል። ቶሎም ይበጣጠሳል። ሲበጣጠስ መጠገን አያዋጣም፤ አዲስ መግዛት ይቀልላል። አሮጌውስ የት ይገባል?

ይኸው ጥያቄ የሕዳሴው ግድብ በፈጠረው ሐይቅም ይነሣል። በአዲስ ሐይቅ ውስጥ ውኃ የዋጠው ዛፍና ቁጥቋጦ መረብ ይይዛል። አጥማጁ ይጎትታል፣ እምቢ ሲለው ይቆርጣል።

ምን ተሞክሯል?

ኖርዌይ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየዓመቱ መርከብ ልካ የባሕር ወለሏን ታበጥራለች። አጥማጅ ዕቃው ሲጠፋበት መፈለግ፣ ካላገኘው ደግሞ ቦታውን ማሳወቅ አለበት። መርከቡ የሚፈልገው በግምት ሳይሆን በተነገረው ቦታ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 ሥራ የፈቱ አጥማጆች ተቀጥረው ከ34,000 በላይ የጠፉ ወጥመዶች አወጡ። ጥቅሙን ያጠኑ ሰዎች የሸርጣን ምርቱ በ27 በመቶ እንደጨመረ አስልተዋል። ባለቤት አልባው ወጥመድ ከባለቤቱ ጋር ሲሻማ ነበር ማለት ነው።

ማውጣት ግን ውድ ነው። ጥልቁ ላይ ያለውን ማውጣት ደግሞ የማይታሰብበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያ ወደ መከላከሉ ያዘነብላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ያረጀ የፕላስቲክ መረብን የመሰብሰቢያ ወጪ በአምራቹ ላይ ጥሏል። ተቃራኒው ክርክርም ሚዛን አለው። ወጪው ዞሮ የመረቡን ዋጋ ይጨምራል፤ ድሃው አጥማጅ ወደ ርካሹና ቶሎ ወደሚበጣጠሰው ይሄዳል። በእኔ ግምት ለሐይቆቻችን የሚቀለው መንገድ መያዣ ነው። አዲስ መረብ ሲገዛ ትንሽ ብር ይያዛል፣ አሮጌው ሲመለስ ይመለሳል። የለስላሳ ጠርሙስ በዚህ ስንት ዓመት ሠርቷል። ግን ይህ የሚሠራው መረቡ በሕጋዊ ሱቅ ከተሸጠ ነው፤ በኮንትሮባንድ ለገባ ነጠላ ክር ማን መያዣ ይይዛል? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል። አስቸጋሪው ነገር ሱቁና ኬላው ላይ ነው።

ከሁሉም ደስ የሚለኝ ብልሃት ግን የወጥመዱ ነው። በአንዳንድ አገሮች የሸርጣን ወጥመድ አንድ መስኮት እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። መስኮቱ የሚታሰረው በጥጥ ክር ነው። ወጥመዱ ከጠፋ ክሩ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሸርጣኑ ይወጣል። የቀረው ወጥመድ ናይለንና ብረት ሊሆን ይችላል። እንዝርት ላይ የተፈተለች አንዲት ድር ግን በሩን ትከፍታለች።